በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃን ወደ ውጭ አገር መመለስ

በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃን ወደ ውጭ አገር መመለስ ማለት ገዢው ከሌላ አገር ሻጭ ያስመጣውን ዕቃ ጉድለት ስላለበት፣ ከታዘዘው ስለተለየ ወይም ሐሳቡን ስለቀየረ መልሶ ለሻጩ የሚልክበት አሠራር ነው። እንደ ሰዓት፣ ጌጣጌጥ፣ ካሜራና ስልክ ያለ ውድ ዕቃ ሲመለስ መንገድ ላይ ቢጠፋ ገዢው ዕቃውንም ገንዘቡንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው የመከታተያ ቁጥርና ዋስትና (ኢንሹራንስ) ባለው ፖስታ ነው።

የአገሮች የፖስታ ልውውጥ የሚመራው በዓለም አቀፍ የፖስታ ኅብረት ደንብ ነው። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በተፈረመ ውል የተመሠረተ ሲሆን ከ1948 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ በ1908 አባል ሆናለች፤ በ2018 ደግሞ የኅብረቱ ልዩ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሂዷል።

የመመለስ መብት

ዕቃን የመመለስ መብት ከአገር አገር ይለያያል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው በእጁ ከገባ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ግዢውን እንዲሰርዝ ይፈቅዳል። መሰረዙን ካሳወቀ በኋላ ዕቃውን ለመላክ ሌላ 14 ቀናት አለው። ሻጩ ዕቃውን እስኪረከብ ወይም ገዢው መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያቀርብ ገንዘቡን ይዞ መቆየት ይችላል። የፖስታ ቤት ደረሰኝ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በገዢው ልክ የተሠራ ልብስና የመሳሰለው ዕቃ ግን በዚህ መብት አይሸፈንም።

ሐሳቡን ቀይሮ የሚመልስ ገዢ፣ ሻጩ ልሸፍን ካላለ ወይም አስቀድሞ ሳያሳውቀው ካልቀረ በስተቀር፣ የመላኪያውን ወጪ ራሱ ይከፍላል። ዕቃው ጉድለት ያለበት ከሆነ ግን ወጪው የሻጩ ነው።

ክትትልና ዋስትና

ክትትልና ዋስትና ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ቢታዩም የተለያዩ አገልግሎቶች ናቸው። ክትትል ጥቅሉ የት እንደደረሰ ያሳያል፤ ቢጠፋ ግን ዋጋውን አይተካም።

በኢትዮጵያ ሪኮማንዴ ወይም የአደራ ደብዳቤ የሚባለው የተመዘገበ ፖስታ ቁጥር ተሰጥቶት በፊርማ ርክክብ ይደረግበታል። በኅብረቱ ደንብ መሠረት ቢጠፋ የሚከፈለው ካሳ 30 ኤስ ዲ አር ነው። ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ሲሆን 30ው ከ50 የአሜሪካ ዶላር በታች ነው። ስለዚህ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ሰዓት በሪኮማንዴ ብቻ ተልኮ ቢጠፋ የላኪው ኪሳራ ከባድ ነው።

ዋስትና ባለው ፖስታ ላኪው የዕቃውን ዋጋ በፊደልና በአኃዝ ጽፎ ያስመዘግባል፤ ካሳውም እስከዚያ መጠን ይደርሳል። ስርዝና ድልዝ አይፈቀድም። የዋስትናው መጠን ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ ከዋጋው በከፊል ብቻ ዋስትና መግባት ግን ይቻላል። ለማጭበርበር ዋጋውን ያስበለጠ ላኪ ምንም ካሳ አያገኝም። ሁሉም አገሮች ይህን አገልግሎት ስለማይሰጡ መድረሻው አገር ዋስትና ያለው ፖስታ መቀበሉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የመከታተያ ቁጥር

ዓለም አቀፉ የመከታተያ ቁጥር 13 ምልክቶች አሉት፤ እነርሱም የአገልግሎቱን ዓይነት የሚያሳዩ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ስምንት ተራ አኃዞች፣ አንድ ማረጋገጫ አኃዝና የመነሻውን አገር የሚገልጹ ሁለት ፊደላት ናቸው። መጀመሪያው «አር» ከሆነ የተመዘገበ፣ «ቪ» ከሆነ ዋስትና ያለው ደብዳቤ፣ «ሲ» ከሆነ ጥቅል፣ «ኢ» ከሆነ ፈጣን መልእክት ነው። የኢትዮጵያ መለያ «ኢ ቲ» ነው።

ማረጋገጫው አኃዝ የጽሑፍ ስሕተትን ያጋልጣል። ስምንቱ አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ተካፍሎ ቀሪው ከ11 ይቀነሳል። ለምሳሌ የ12345678 ድምር 204 ነው፤ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 6 ስለሆነ ማረጋገጫው 5 ይሆናል። ውጤቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ ደግሞ 5 ይጻፋል።

የጉምሩክ ቅጽ

ዋጋው እስከ 300 ኤስ ዲ አር ለሆነ ዕቃ ሲ ኤን 22፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ሲ ኤን 23 የተባለው ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ «ተመላሽ ዕቃ» የሚለው ሳጥን ምልክት ካልተደረገበት የሻጩ አገር ጉምሩክ ዕቃውን እንደ አዲስ ግዢ ቆጥሮ ቀረጥና ታክስ ሊጠይቅበት ይችላል። በአውሮፓ ኅብረትና በብሪታንያ ከአገር የወጣ ዕቃ ሳይለወጥ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተመለሰ ከቀረጥ ነጻ ሊገባ ይችላል። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ወደ ውጭ የመለሰ የአውሮፓ ኅብረት ገዢም የከፈለው ቀረጥ እንዲመለስለት በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ይችላል።

የማይላኩ ዕቃዎች

በኅብረቱ ደንብ ወርቅ፣ ብር፣ የከበሩ ድንጋዮችና የገንዘብ ኖቶች ዋስትና በሌለው ደብዳቤ ውስጥ መላክ የለባቸውም። ለብቻው የሆነ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ፖስታ አይላክም፤ በመሣሪያው ውስጥ የተገጠመ ግን በተወሰነ ቁጥር ሊፈቀድ ይችላል። ባትሪው ያበጠ ወይም የተጎዳ ስልክ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል በአውሮፕላን መጓዝ የለበትም፤ እንዲህ ያለ ሲያጋጥም ሌላ መንገድ ከሻጩ ጋር መፈለግ ይገባል።

ዕቃው ቢጠፋ

በምላሽ ጊዜ ላኪው ገዢው ራሱ ስለሆነ ማመልከቻውን የሚያቀርበው ዕቃውን ለሰጠው ፖስታ ቤት ነው። ጊዜው ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ነው። የካሳው ባለመብትም ላኪው ሲሆን፣ ከፈለገ መብቱን ለተቀባዩ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጉዳቱ የመጣው በደካማ አስተሻሸግ፣ በላኪው ጥፋት ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ፖስታ ቤት አይጠየቅም፤ የቀረ ትርፍም በካሳው ውስጥ አይታሰብም። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ፣ የመላኪያ ደረሰኝ፣ ከመታሸጉ በፊት የተነሳ ፎቶግራፍና ከሻጩ ጋር የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥ ሻጩ ዕቃውን መረከቡን አምኖ ገንዘቡን እስኪመልስ ድረስ ተጠብቀው ሊቆዩ ይገባል።