የአንድ ሊትር ዘይት ጉዳይ፤ የሞተር ብስክሌት ዘይት አመራረጥና አለዋወጥ

የግብርናና የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩት በሞተር ብስክሌት ነው። ሞተሩ ከቆመ የአባ ሰንጋ ክትባት በጊዜው አይደርስም፤ በሰብል ላይ የወረደ ተምችም ሳይታይ ይሰነብታል። ሞተር ከሚቆምባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ በቀላሉ ሊወገድ የሚችል ነው፤ ይኸውም ዘይቱ በወቅቱ አለመለወጡ ወይም የማይስማማ ዘይት መጨመሩ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የነጂው ብቻ ሳይሆን የማኅበሩ መሪዎችም ጭምር ነው።

ዘይቱን ስለ መምረጥ

ዘይት ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያደርጋል፤ ሙቀት ይቀንሳል፤ ጥላሸትና የብረት ብናኝም ይዞ ያቆያል። በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች አንዱ ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን በአንድነት ያገለግላል። አንዳንድ የመኪና ዘይቶች ግን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል የሚያንሸራትት ቅመም ስለሚጨመርባቸው ፍሪሲዮኑን ያሟልጩታል፤ ሞተሩ እየጮኸ ዳገት መውጣት ይሳነዋል። በመሆኑም በዕቃው ላይ «ጃሶ ኤም.ኤ.» የሚል ምልክት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን የወጣ የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ ነው።

«20 ደብልዩ 50» በሚለው ጽሑፍ የፊተኛው ቁጥር የዘይቱን የብርድ ጠባይ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል። የኋለኛው ሞተሩ ሲግል የሚኖረውን ውፍረት ያመለክታል። በደብረ ብርሃን ውርጭ «10 ደብልዩ 40» ቶሎ ይሠራጫል፤ እንደ መተማ ባለ ቆላ «20 ደብልዩ 50» ውፍረቱን ይዞ ይቆያል። ሆኖም ከሞተሩ ጋር የመጣው መጽሐፍ ከሚያዘው መውጣት አይገባም። የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚቃጠል ስለሆነ የአንዱ ዘይት ለሌላው አይሆንም።

ዘይቱን ስለ መለወጥ

የአዲስ ሞተር የመጀመሪያ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ የሚያዘውን ኪሎ ሜትር መከተል ነው፤ አቧራና ዳገት በሚበዛበት አገር ግን ቀደም ማድረግ ያሻል። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ሳይውል ሳያድር ይለወጥ። የጎደለውን እየሞሉ መሄድ መለወጥ አይደለም፤ ቆሻሻው እዚያው ይቀራልና።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቆ ማጥፋትና ቀጥ አድርጎ ማቆም፤ ከሥሩ ሰፊ ዕቃ አኑሮ የማፍሰሻውን ብሎን መፍታት። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ፊልትሮውን መለወጥ ወይም ወንፊቱን ማጠብ፤ ብሎኑን ከነሮንዴላው መልሶ ያለ ትርፍ ጉልበት ማጥበቅ። ከዚያም መጠኑን ለክቶ መጨመር፤ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ብዙዎቹ ሞተሮች 1 ሊትር ገደማ ይይዛሉ። በመጨረሻ ሞተሩን ጥቂት አስነስቶ ማጥፋት፤ ዘይቱ ሲረጋ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆኑን ማየት። ከልክ ማለፉም እንደ መጉደሉ ይጎዳል።

የተቃጠለ ዘይት መሬት ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይደፋም፤ በከብት ቁስልም አይቀባም። በጀሪካን አጠራቅሞ ከተማ ላለ ጋራዥ ማስረከብ ይሻላል።

የማኅበር መሪዎች ለእያንዳንዱ ሞተር አንድ ደብተር ከፍተው ዘይቱ የተለወጠበትን ቀን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የዘይቱን ዓይነትና የለወጠውን ሰው ስም ቢያስመዘግቡ ቸልተኝነት መደበቂያ ያጣል። ከተበላ ሞተር ጥገና ይልቅ የአንድ ሊትር ዘይት ዋጋ ይቀላል።