ሰይፍ መዝዞ ማረፍ

ካዛንቺስ ከቀኑ 11፡30 ላይ ከቢሮ የሚወጣው ሠራተኛ ውሎው ከኮምፒውተር ጋር ተፋጥጦ ነው። የታክሲውን ሰልፍ አልፎ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ስክሪን ይከፍትና ሰይፍ መዝዞ ከአጋንንት ጋር ይገጥማል። እናቱ «ኧረ ዓይንህን አሳርፈው!» ስትለው «እያረፍኩ እኮ ነው» ይላታል። ጣቱ ሳያቋርጥ ቁልፍ እየመታ፣ ልቡ እየደለቀ ያለ ሰው አረፈ ይባላል? የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደሚሉት ከሆነ ልጁ አልዋሸም። ያረፈው ግን እናቱ የጠረጠረችው ክፍል አይደለም።

ይህ የጨዋታ ዓይነት አክሽን አርፒጂ ይባላል። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ ጠላት በጣለ ቁጥር ደረጃው ያድጋል፣ ከወደቀው ጭራቅ ላይም የተሻለ ጋሻ ወይም ሰይፍ ያነሣል። ዘርፉን ያስለመደው «ዲያብሎ» ሲወጠን እንዲህ የሚጣደፍ አልነበረም። ዴቪድ ብሬቪክና ባልደረቦቹ የጀመሩት እንደ ዳማ ተራ እየተጠበቀ የሚኬድበት አድርገው ነው። ብሬቪክ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተራ መጠበቁን ከኮዱ አወጣና አንዱን አጽም በማውዝ ጠቆመው፤ ጀግናው ፈጥኖ ሄዶ አጽሙን አደቀቀው። ከዚያ በኋላ ወደ ተራው የመለሰው የለም። ጨዋታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 መጨረሻ ወጣ (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። አፍሪካም ብትሆን አልቀረባትም፤ የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ በ2016 ያወጣው «ኦሪዮን» የዚሁ ዘር ነው።

ካዛንቺስ በሚገኝበት የአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን ይህ ጨዋታ የቤት ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚኖሩት በኳስ ነው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈው ይነሣል፣ ወረፋ የያዘው ይተካል። ሒሳቡ በጨዋታ እየተቆጠረ፣ አርባ ሃምሳ ሰዓት የሚፈጅ፣ ሴቭ እየተደረገ የሚቀጥል ታሪክ ለባለቤቱም ለደንበኛውም አያዋጣም። ስለዚህ አክሽን አርፒጂ የሚወድ ሰው ላፕቶፑ ላይ፣ ከ2020 ወዲህም እንደ «ጄንሺን ኢምፓክት» ያሉትን ስልኩ ላይ፣ ብቻውን ይጫወታል። መብራት ድንገት ሲሄድ ሴቭ ያልተደረገው ግማሽ ሰዓት አብሮ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ስለ ዕረፍት ባይጠይቁት ይሻላል።

ሳቢነ ሶነንታግና ሻርሎተ ፍሪትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰው ከሥራ ድካም የሚያገግምባቸውን አራት መንገዶች ለይተዋል፦ ሐሳብን ከሥራ መንቀል፣ መዝናናት፣ አንድን ነገር ጠንቅቆ መቻልና ጊዜን በራስ ፈቃድ ማዘዝ። ብዙዎቻችን ዕረፍት ስንል የምናስበው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ጋደም ማለትን። ፈጣን ጨዋታ ጠንካራ የሚሆነው በቀሩት ሦስቱ ነው። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ኢሜይል ሲያዝዘው የዋለ ሰው፣ እዚህ የትኛውን በር እንደሚከፍት ራሱ ይወስናል፤ ትናንት ያቃተውን ጭራቅ ዛሬ ይጥለዋል። አለቃው ይህን ያህል ፈጣንና ግልጽ ውጤት አሳይቶት አያውቅም።

ከአራቱ በጣም የሚገርመው የመጀመሪያው ነው። አእምሮ ለቅጽበታዊ ሥራ የሚጠቀምበት ትውስታ ጠባብ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ብቻ እንደሆነ ተመራማሪው ኔልሰን ካዋን በ2001 ተከራክሯል። ከሦስት አቅጣጫ የሚመጣን ጠላት፣ የቀረውን ጤናና የማምለጫውን ቀዳዳ ባንድ ላይ የሚከታተል ተጫዋች፣ የጠዋቱን ስብሰባ የሚያብሰለስልበት ቦታ አይተርፈውም። ተመራማሪዋ ኤሚሊ ሆልምስና ባልደረቦቿ በ2009 ይህን የሚያጠናክር ነገር አሳይተዋል። አሰቃቂ ፊልም ካዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለ10 ደቂቃ ቴትሪስን፣ ማለትም የሚወርዱ ቅርጾች የሚደረደሩበትን ጌም፣ የተጫወቱ ሰዎች፣ ካልተጫወቱት ይልቅ በቀጣዩ ሳምንት ምስሉ ሳይጠሩት የመጣባቸው ጥቂት ጊዜ ነው። ቴትሪስ ሰይፍ የለውም፤ ዓይንንና ቦታን የሚይዘውን የአእምሮ ክፍል በሥራ መጥመዱ ግን ያው ነው። ዝም ብሎ ሶፋ ላይ መጋደም ይህን አያደርግም፤ እንዲያውም ለብስልስሉ ሜዳውን ይለቅለታል።

ዶፓሚን የተባለው የአእምሮ ኬሚካል ሳይነሣ ስለ ጌም የሚጻፍ የለም፤ ብዙ ጊዜም ተጋንኖ ይነሣል። መነሻው ለንደን ውስጥ ተደርጎ በ1998 የታተመ ሙከራ ነው። ስምንት ወንዶች ታንክ እየነዱ ባንዲራ ሲሰበስቡ፣ ከዶፓሚን ጋር ለአንድ መቀመጫ የሚሻማ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተሰጣቸው። ንጥረ ነገሩ ቦታ ሲያጣ ዶፓሚን መብዛቱ ታወቀ፤ በጉብዝና በተጫወተው ላይ ደግሞ ይበልጥ። ስምንት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ደረጃ ባለፉ ቁጥር ገንዘብም ይከፈላቸው ነበር። ለእኔ ይልቅ የሚያብራራው የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልትስ በጦጣዎች ላይ ያገኘው ነው፦ የዶፓሚን ሴሎች አብዝተው የሚተኩሱት ሽልማቱ ከተጠበቀው ሲበልጥ ነው፤ እንደተጠበቀው ሲሆን ከተለመደው ምታቸው አይወጡም። ከጭራቁ በዕጣ የሚወድቀው ሰይፍ የሚያጓጓው ለዚህ ይመስለኛል። «አንድ ጭራቅ ብቻ ጥዬ ልተኛ» የሚያሰኘውም ይኸው ነው፤ እዚህ ላይ ዕረፍቱ ሌላ ሥራ መሆን ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሕመም ገብቷል። መለኪያው የሰዓት ብዛት አይደለም፤ ጨዋታውን መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው ኑሮ ማስቀደምና ጉዳት እያዩም መቀጠል ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ሲዘልቅ። ከሥራ በኋላ አንድ ሰዓት የሚዋጋው የካዛንቺስ ሰው እዚያ ውስጥ አይመደብም። ሰውነቱ ግን ውጊያው የውሸት መሆኑን እንደ አእምሮው ቶሎ አይረዳም፤ የልብ ምቱ ከፍ ይላል፣ ንቁነቱም ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ይቆያል። በ2013 በታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት 17 ወጣት ወንዶች ከመኝታ በፊት አንድ ማታ 50 ደቂቃ፣ ሌላ ማታ 150 ደቂቃ ውጊያ የበዛበት ጌም ተጫውተው ነበር። በረጅሙ ማታ የተኙት በአማካይ 27 ደቂቃ ያነሰ ነው።