ግድግዳው ሳይቆም ስሕተቱን ማየት

ካኩማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያስተማረ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጸሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል በመስኮቱ ትገባለች፣ ቆርቆሮው ይግላል፣ ተማሪዎቻችንም ወንበራቸውን እየጎተቱ ጥላ ይከተላሉ። የእኛ ክፍል መስኮቶች በምዕራብ በኩል ናቸው። አንዴ ከተሠራ በኋላ ግድግዳ አይዞርም!

ታዲያ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር? አዎን፣ በኮምፒዩተር በሚሠራ የሕንፃ ሞዴል ይቻላል።

ሞዴሉ ተራ ሥዕል አይደለም። በወረቀት ፕላን ላይ ግድግዳ ሁለት መስመር ብቻ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ግን ርዝመት፣ ከፍታ፣ ውፍረትና የሚሠራበት ዕቃ አለው። አንዱን ስንለውጥ ሌላው አብሮ ይለወጣል።

የመጀመሪያው ጥቅም ሙቀትን ይመለከታል። ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ስንነግረው ጥላው የት እንደሚያርፍ ያሳየናል። ካኩማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ጠዋትና ከሰዓት በጣም የሚመታው የምሥራቁና የምዕራቡ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ረጃጅሞቹ ግድግዳዎችና መስኮቶቹ ወደ ሰሜንና ደቡብ ቢሆኑ፣ የጣሪያው ክፈፍም ወጣ ቢል ይሻላል።

ሁለተኛው ዕቃ መቆጠብ ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 6፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል 84 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። ለበርና ለመስኮት 10 ስንቀንስ 74 ይቀራል። በአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት (40 በ20 ሳ.ሜ.) ስለሚገባ 925 ብሎኬት ያስፈልጋል ማለት ነው። መስኮቱን በ2 ካሬ ሜትር ብናሰፋው 900 ይበቃል። ሲሚንቶ ሲመረት ብዙ የካርቦን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ተርፎ የሚጣል ብሎኬት ገንዘብንም አካባቢንም ይጎዳል።

ነገር ግን ሞዴል የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ዝናብ ሲጥል ደረቁ ወንዝ እስከ የት እንደሚሞላ የሚያውቀው እዚህ የኖረ ሰው ነው እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በቱርካና ሐይቅ አጠገብ የተጠናቀቀውን የስታርትአፕ ላየንስ ማዕከል ያቀደው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ የሚያወጡትን ማማዎች ሐሳብ ያገኘው ከአካባቢው ኩይሳ ነው እኮ።

መምህራን፣ በሜትር ክፍላችሁን ከተማሪዎች ጋር ለኩ። ፍሪካድ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ ይገኛል፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኮምፒዩተር ከሌለም ካርቶን ቆርጣችሁ ትንሽ ክፍል ሥሩና ግቢ ውስጥ እንደ ትልቁ ክፍል አቅጣጫ አስቀምጡት። ጥላውን በየሰዓቱ መዝግቡ። አዲስ ክፍል ሊሠራ ሲመጣ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ይህን መዝገብ ይዘን እንቅረብ።