መኪናዋ ስትሮጥ ፍሬኗስ?



ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አርሲ ነገሌ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አስፋልት ዳር የቆመ ሰው አንድ ድምፅ ሳይሰማ አይመለስም። ድምፁ የከባድ መኪና ነው፤ ዞር ብለው ሲያዩ ግን የመጣችው አንዲት ትንሽ ቪትዝ ናት። ማርሚታዋ ተቆርጧል። ሞላዋ አጥሮ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል። ከኋላዋ ክንፍ ተተክሎላታል፤ ቸርኬዋ ያብለጨልጫል። የፈረስ ጋሪ የሚነዱ ሽማግሌዎች ድምፁን ሲሰሙ ከሩቁ ልጓም ይይዛሉ።

የዚህችን መኪና ባለቤት ያገኘነው በእናቱ በኩል ነው። እናቲቱን ያነጋገርናቸው ስለ ልጆች አስተዳደግ ለምናዘጋጀው ሌላ ጽሑፍ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ገበያ ለመሄድ ተነሡ። «ልጅዎ መኪና አለው አይደል? ለምን አያደርስዎትም?» አልናቸው። ፈገግ ብለው፣ «አላህ ይጠብቀው፤ እኔን ባጃጅ ይሻለኛል» አሉን። ነገሩ እንደ ቀልድ ነበር የተነገረው፤ ሆኖም ከልባችን አልወጣም።

በኋላ እንደተረዳነው መኪናዋ የተገዛችው እህቱ በሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ በላከችው ገንዘብ ነው። አደራዋም ሁለት ነበር፤ የቤተሰቡን የእህል ንግድ እንድታግዝና እናታቸውን ሻሸመኔ ሐኪም ቤት እንድታመላልስ። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ ሶላቱን የሚጠብቅ፣ ሰው አክባሪ ወጣት። መኪናዋን በተረከበ በሦስት ወር ውስጥ ግን ለማርሚታው፣ ለቸርኬው፣ ለክንፉና ለቴፑ ያወጣው ገንዘብ የእህቱን የብዙ ወር ደመወዝ የሚያህል ሆነ። ለፍሬኑ ያወጣው ምንም አልነበረም።

ስለ መኪናዋ ጥቂት እንበል። ቪትዝን የጃፓኑ ቶዮታ ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በአውሮፓ ያሪስ ተብላ ተሸጠች፤ እዚያም የ2000 የዓመቱ ምርጥ መኪና ሆና ተመርጣለች። ጃፓን ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2020 ቪትዝ የሚለው ስም ቀርቶ ያሪስ ሆናለች። ከመጀመሪያዎቹ ቪትዞች ባለ 1 ሊትሯ ጉልበቷ 70 የፈረስ ጉልበት ነው። አር ኤስ የሚባለው የስፖርት ዓይነት ደግሞ ባለ 1.5 ሊትር ሆኖ ወደ 110 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ሞላውም ጎማውም ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው። በባለ 1 ሊትሯ ላይ አር ኤስ የሚል ምልክት መለጠፍ አንድ ፈረስ እንኳ አይጨምርም።

በአገራችን ይህች መኪና ቶሎ የምትለወጥ ዕቃ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ቪትዝ ያለው ቤተሰብ ሃያ ዓመት ያለፋትን መኪና ገና ለብዙ ዓመት ሊይዛት ነው።

ዳገቱ

ከአዲስ አበባ እስከ ባቱ ያለው ጉዞ ዛሬ ቀሏል፤ ከሞጆ በመቂ በኩል ባቱ የሚደርሰው የፍጥነት መንገድ በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ችግሩ ይህን ሰፊ መንገድ የለመደ እግር በቡልቡላና በላንጋኖ በኩል ወደ ነገሌ በሚወስደው በቀድሞው መንገድ ላይም ነዳጅ መርገጡን አለማቆሙ ነው። እዚህ መሐል ላይ መለያ የለም። ጠዋትና ማታ ከብት ይሻገራል፣ አህያ ውኃ ጭኖ ያልፋል፣ ተማሪዎች በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ።

መሬቱም ከፍ ይላል። ላንጋኖ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ነገሌ ከተማ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር ጋር አቀላቅሎ ነው፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 70 የነበረው የቪትዝ ጉልበት ነገሌ ሲደርስ ወደ 56 ወርዷል ማለት ነው፤ አራት ሰው ተጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ያውም ዳገት ላይ። (አሁን እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ይህ ችግር የለባቸውም፤ ሞተራቸው አየር አይፈልግምና። ይህ ግን ለወጣቶቻችን መልካም ዜና ይሁን ሌላ ፈተና፣ ገና እናየዋለን።)

ልጁ የገጠመውን ራሱ አጫወተን። በክረምት መውጫ ላይ፣ መግሪብ ሳይደርስ ነገሌ ለመግባት ቸኩሎ፣ ዳገቱ ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ከፊቱ ሆነበት። ለመቅደም ወጣ። «ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ ሰጠሁ፤ ድምፁ ሄደ እንጂ መኪናዋ አልሄደችም» አለን። ከወዲያ ሌላ መኪና መጣ። ሁለቱም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 44 ሜትር ይጠባል፤ ለመቅደም 10 ሰከንድ የሚፈጅባት መኪና ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ባዶ መንገድ ያስፈልጋት ነበር። እርሱ ግን ይህን አስቦ አያውቅም።

ፍሬን ይዞ ከአይሱዙው ኋላ ለመመለስ ሞከረ። የኋላ ጎማዎቹ ተንሸራተቱ። መኪናዋ ዞራ ከአስፋልቱ ወጣችና በዳር ይሄድ የነበረ የፈረስ ጋሪ መታች። ፈረሱ እዚያው ሞተ፤ የጋሪው ባለቤት ክንዳቸው ተሰበረ። አልሐምዱሊላህ፣ የሰው ሕይወት አልጠፋም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የፈረሱ ዋጋና የሕክምናው ወጪ ተከፈለ፤ የጋሪው ባለቤት እጃቸው እስኪድን ድረስ የቤታቸው ቀለብም ከልጁ ቤት ሄደ። ልጁ ይህን ሲነግረን ገንዘቡ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው ሌላ ነው፤ «ሰውየው ሞተው ቢሆን ኖሮ ምን ነበር የምሆነው?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም ያወቅነውን ነገርነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1993 በብሩናይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ስለ ትራፊክ አደጋ ውሳኔ አሳልፏል። ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ሕጎችን ማክበር በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን ዑለማዎቹ ገልጸዋል። መኪና ነጂ በሰው አካልም ሆነ ንብረት ላይ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ሊከላከለው በማይችለው ኃይል ሲገደድ ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ወይም የሌላ ሰው ሲሆን ነው። ይኸው ውሳኔ በመንገድ ላይ አደጋ ያደረሰ እንስሳ ባለቤትም እንስሳውን ባለመጠበቁ ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። ይህን የጻፍነው ከብቶቻቸውን ያለ እረኛ አስፋልት ላይ ለሚለቁ የነገሌ ወገኖቻችንም ጭምር ነው።

በስሕተት የሰው ሕይወት ያጠፋ ሰው ግን ጉዳዩ በካሳ ብቻ አያበቃም። በሱረቱ ኒሳእ 92ኛ አንቀጽ እንደተደነገገው ለቤተሰቡ የደም ካሳ ይከፈላል፤ ከዚያም ሌላ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ይህን ያላገኘ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም አለበት። ጥፋቱ የነጂው በሆነበት የመኪና አደጋ ላይም ብዙ ዑለማዎች ይህንኑ ይፈርዳሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ከጋራዥ ደጃፍ

ከአደጋው በኋላ መኪናዋ የሄደችው ፀጉራቸው የሸበተ አንድ መካኒክ ዘንድ ነው። በከተማው ሰው ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። እኛም ከልጁ ጋር አብረን ሄድን። ሐጂ መጀመሪያ ያደረጉት ከመኪናዋ ሥር ገብተው መሳቅ ነው።

«ሐጂ፣ ምን አዩ?» አለ ልጁ።

«ልጄ፣ ሞላውን ማን ቆረጠልህ?» አሉት። ሞላ የተሠራው ጎማው ጉድጓድም ሆነ ጉብታ ሲያገኝ ከመሬት እንዳይለቅ ነው። ሲያጥር ግን መጫወቻ ቦታ ያጣል፤ መኪናዋ ትነጥራለች፣ ጎማው ለቅጽበት መሬት ይለቃል። መሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ምንም ያህል ፍሬን ቢረገጥ መኪና አያቆምም። የተንሸራተተው ለዚህ ነበር።

ቀጥለው ጎማዎቹን ዳሰሱ። በጎማ ጎን ላይ ካሉት ጽሑፎች መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። 2312 ቢል በ2012 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የልጁ ጎማዎች ጥርሳቸው ገና ጥሩ ነበር፤ ላስቲካቸው ግን አርጅቶ ደርቋል። ያብለጨለጨው ቸርኬ አሮጌ ጎማ ለብሶ ነበር የተሸጠለት። ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ የሚገዛ ሁሉ እነዚህን ቁጥሮች ሳያነብ ገንዘብ ባያወጣ መልካም ነው።

መብራቱ ደግሞ ያላሰብነው ነገር ነው። ወደ አገራችን ከመጡት ቪትዞች ብዙዎቹ መጀመሪያ ለጃፓን መንገድ የተሠሩ፣ መሪያቸው በቀኝ የነበረና በኋላ ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው። ጃፓኖች የሚነዱት በመንገዱ ግራ በኩል ስለሆነ አጭሩ መብራት ወደ ግራ ከፍ ብሎ የእግረኛውን ዳር እንዲያሳይ ተደርጎ ይሠራል። እኛ ዘንድ ግን በግራ በኩል ያለው ከፊት የሚመጣው ሹፌር ነው። መሪው ሲዛወር መብራቱ ካልተለወጠ ማታ ማታ ወንድማችንን ዓይኑ ላይ እያበራንበት፣ በዳር የሚሄደውን ሕፃን ደግሞ በጨለማ ትተነው ነው የምንነዳው። የልጁ መብራት አልተለወጠም ነበር፤ ይባስ ብሎ ኃይለኛ ነጭ አምፖል ገብቶበታል። የሚገዛ ሰው መሪው የተዛወረ መሆኑን ቢጠይቅ፣ የመሪው ቴስቲኒዎችና የአየር ከረጢቱ በቦታቸው መኖራቸውንም ቢያስፈትሽ ይገባዋል።

ሐጂ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጥርት ያለ ውኃ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በነገሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ይዞ፣ ኩላንቱም ረድቶት፣ የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጉታል። ክዳኑ ካፈሰሰና የቧንቧ ውኃ ብቻ ከሆነ ግን ከላንጋኖ እስከ ነገሌ ባለው ዳገት ላይ ሞተሩ ሊፈላ ይችላል፤ ቀጥሎ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው የሚቃጠለው። «የክዳኑን ዋጋ ፈርተው የሞተሩን ይከፍላሉ» አሉን።

የአየር ማጣሪያውን አንሥተው ሲያራግፉት የወጣው አቧራ ጋራዡን ሞላው። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ከጥንት እሳተ ገሞራ የተረፈ፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የፍሬኑ ዘይትም ተቀየረ፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ አለበት። ሌላው ሥራ የተለመደው ነው፤ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ የሞተር ዘይት።

ክንፉ ተነቅሎ ተሸጠ። ቸርኬውም ተሸጠ፤ በገንዘቡ አራት አዲስ ጎማ ተገዛ። ማርሚታውን ልጁ ትንሽ ተከራከረበት። «ሐጂ፣ እሱ እንኳ ማንን ይጎዳል?» አለ። ሐጂ መልስ አልሰጡትም፤ ከጋራዡ አጥር ማዶ ወደሚታየው መስጊድ በአገጫቸው አሳዩት። ከዒሻእ ሶላት መሐል ያ ድምፅ ስንት ጊዜ እንዳለፈ እርሳቸው ያውቃሉ።

መኪና ለመግዛት ያሰቡ ወጣቶች ስለ ክፍያውም ጠይቀውናል። በወለድ ብድር መግዛት ሪባ ነው፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። ዛሬ ግን ሌላ በር ተከፍቷል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክን የመሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ። በሙራበሓ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ባለቤት ከሆነ በኋላ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ገልጾ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ውሉን ከመፈረም በፊት መኪናው በእርግጥ የባንኩ መሆኑን፣ ክፍያ ቢዘገይም በዕዳው ላይ ትርፍ የማይጨመር መሆኑን መጠየቅ ነውር አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፤ ታካፉል የሚሰጡ መድን ድርጅቶችም ስላሉ እነርሱን መጠየቅ ይቻላል።

ከሁለት ወር በኋላ ነገሌ ስንመለስ ልጁ ከጁምዓ ሶላት መልስ ደጃፉ ላይ መኪናዋን እያጠበ አገኘነው። ድምፅ የላትም። እናቲቱ ለሐኪም ቀጠሮ ወደ ሻሸመኔ ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል። ልጁ የፊቱን በር ከፈተላቸው። እርሳቸው ግን ዞረው የኋላውን ከፈቱና ገቡ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው የመንገድ ዱዓቸውን ጀመሩ።

«እማዬ፣ ከፊት ይቀመጡ እንጂ» አላቸው።

«ቀስ ብለህ ሂድ፤ ስንመለስ እናያለን» አሉት።