ተጨማሪ መረጃ፦ ንጹህ የመሰለ የደረት ራጅ

በትምህርቱ እንዳያችሁት፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው በሳንባ የላይኛው ክፍል ጉድጓድ ሲታይ ነው። ጉድጓዱን የሚፈጥረው ግን ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያውን የሚዋጋው የሰውነት መከላከያም ጭምር ነው። ታዲያ መከላከያው በመድኃኒት ሲዳከም ራጁ ምን ያሳያል? ሩማቶይድ አርትራይተስ ለተባለው የመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጠው ኢንፍሊክሲማብ ቲኤንኤፍ የተባለውን ፕሮቲን ያግዳል። ይህ ፕሮቲን መገጣጠሚያን ቢያስቆጣም ግራኑሎማን፣ ማለትም ባክቴሪያውን ከብበው የሚያግቱ ሴሎችን ስብስብ፣ አጽንቶ ይይዛል። ስብስቡ ሲላላ ተኝቶ የቆየው ባክቴሪያ ይነቃል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ ኢንፍሊክሲማብ ወስደው ቲቢ ከያዛቸው 70 ታካሚዎች በ40ዎቹ በሽታው ከሳንባ ውጭ ተገኝቷል።

ስለዚህ በእነዚህ ታካሚዎች ጉድጓድ አለመታየቱ ብቻውን «ቲቢ የለም» ሊያሰኝ አይገባም። በምትኩ በደረት መካከል ያበጡ የሊምፍ ዕጢዎች፣ በሳንባ ዙሪያ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ወይም በሁለቱም ሳንባዎች የተበተኑ፣ የዳጉሳ ፍሬ የሚያክሉ ነጠብጣቦች (ሚሊያሪ ቲቢ) ሊኖሩ ይችላሉ። «እንግዲያው ራጅ ምን ይጠቅማል?» ትሉ ይሆናል። በጣም ይጠቅማል፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ከቆዳ ወይም ከደም ምርመራ ጋር ሲነሳ የቆየ ጠባሳ ሊጠቁም ይችላል፤ ዋጋውም ከሲቲ ስካን ያነሰ ነው። ታካሚው ግን ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ካለው፣ ራጁ ንጹህ ቢመስልም ሲቲ ስካንና የአክታ ምርመራ ሊያስፈልጉት ይችላሉ። እስቲ በመጽሐፋችሁ ካለው የደረት ራጅ ላይ የልብን ጥላ ፈልጉ፤ አንድ ትንሽ ያበጠ ዕጢ ከኋላው ለምን ሊሰወር እንደሚችል አስረዱ።