ሣር የሚበላው ዝንጀሮ፦ የጭላዳ መላመድና ዋጋው



ስለ ዝግመተ ለውጥ ስናስተምር መላመድን እንደ ትርፍ ብቻ የመቁጠር ልማድ አለን። እንስሳው አንድ አዲስ ነገር አገኘ፣ ስለዚህም ተረፈ እንላለን። ዛሬ የማቀርበው፣ በዱር ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ጭላዳ፣ መላመድ ምን እንደሚያስከፍልም ያሳየናል።

ሌሎቹ ዝንጀሮዎች በጠቅላላው ያገኙትን የሚበሉ ናቸው፤ ፍሬ፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ አልፎ አልፎም ሥጋ። ጭላዳ ግን የሚኖረው በሣር ነው። በበጋ ሣሩ ሲደርቅም መሬቱን ቆፍሮ ሥራሥር ያወጣል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ፕሪሜቶች መካከል ሣር ግጦ የሚያድር ሌላ የለም። «ግጦ» ማለቴ እንኳ በትክክል አይገልጸውም፤ ጭላዳ ሣሩን የሚያጭደው በእጁ ነውና። ጠቋሚ ጣቱ አጭር ስለሆነ የአውራ ጣቱ ጫፍ በቀላሉ ይገጥመዋል፤ ቅጠሉን እየለየ ይነቅላል፣ እፍኙ ሲሞላም ወደ አፉ ይልካል። እ.ኤ.አ. በ1970 ክሊፎርድ ጆሊ የሰው ዘር አመጣጥን ከጥቃቅን ዘር ለቀማ ጋር ያያዘውን መላምት ሲያቀርብ ጭላዳን ለንጽጽር ከመረጠባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ እጅ ነው። መላምቱን እንዳለ መቀበል ይከብደኛል፤ ንጽጽሩ ግን አሁንም ያስተምራል።

ጭላዳ እንደ በግ አያመነዥክም። ስለዚህ የመፍጨቱ ሥራ በአብዛኛው በጥርሱ ላይ ወድቋል። መንጋጋዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ የጥርሱ መስተዋት የተጣጠፈ በመሆኑ ሲበላ እንደ ሜዳ አህያ ጥርስ ስለታም ጠርዝ ያወጣል።

የሣር ኑሮ የአካል ምልክቱንም ሳይነካ አልቀረም። ጭላዳ ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው ተቀምጦ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። በሌሎች ዝንጀሮዎች ዘንድ የሴቷ የመራቢያ ምልክት በመቀመጫዋ ላይ ሲታይ፣ በጭላዳ ግን ፀጉር በሌለው ቀይ የደረት ቆዳ ላይም ይታያል። ከተቀመጠ እንስሳ የሚታየው ደረቱ ስለሆነ ነው የሚለው ማብራሪያ ለእኔ አሳማኝ ነው። በወንዶቹም ዘንድ ቤተሰብ የሚመራው ደረቱ ይበልጥ ይቀላል።

ከፍታውንስ እንዴት ቻለው? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የጂኖም ጥናት በሄሞግሎቢኑ ላይ ልዩ ለውጦችን አግኝቷል። ሁላችንም የምንጠብቀው ለውጦቹ ኦክስጅን አጥብቆ ለመያዝ እንደሚረዱ ነበር፤ ሲመረመር ግን የተጠበቀው ብልጫ አልታየም። በአንጻሩ የጭላዳ ደረት ከሌሎች ዝንጀሮዎች ይልቅ ሰፊ ሆኖ ተገኝቷል። የጂን ለውጥ ባየን ቁጥር ጥቅም ለማግኘት የምንቸኩል ሰዎች ይህን ልብ ብንል መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። የጭላዳ ወገን የሆነው ቴሮፒቴከስ በአንድ ወቅት ብዙ ዝርያ ነበረው። ቅሪተ አካሉ በሐዳርና በኦሞ ሸለቆ በብዛት ይገኛል፤ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ሕንድም ተገኝቷል። ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የገዘፉም ነበሩ። ሁሉም ጠፍተው የቀረው ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በደጋው ሣር ላይ።

ሣሩን ደግሞ ከላይና ከታች እያጣ ነው። ከታች ሙቀቱ ይገፋዋል፦ ሮቢን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው ሞዴል መሠረት የአየሩ ሙቀት በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ጭላዳ ሊኖርበት የሚችለው ዝቅተኛ ከፍታ 500 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ተራራ ደግሞ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይጠባል፤ በገደል የተለያዩ ጫፎች መካከልም ሣር በል እንስሳ የሚሻገርበት ድልድይ የለውም። ከላይ የገብስ እርሻና የከብት ግጦሽ ይጠብቁታል። ገበሬውን ለመውቀስ አይደለም፤ መሬት የጠበበው ለእርሱም ነው። በመንዝ የጓሳ ሣር ነዋሪው በራሱ ሥርዓት ለረጅም ዘመን እየከለከለ፣ በጊዜውም እየፈቀደ ያቆየው ነው፤ ጭላዳውም ዛሬ በዚያ በመንጋ ይታያል።

ስለ ጥርሱና ስለ ሄሞግሎቢኑ ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ ከእነርሱ እንጀምር።