ምት የሚችል ነሐስ፦ ከባሮ ዳር የተነሣ ዳሰሳ

ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ የንግድ ጣቢያ እንዲከፈት ፈቀደ። ጋምቤላ ወደብ የሆነችው በዚህ ነው። ሱዳን ነጻ ወጥታ ጣቢያው በ1956 ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ፣ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በሶባት ወንዝ በኩል እየመጡ የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር።

በእንፋሎት መርከብ ላይ የሠራተኛው ሕይወት በቫልቮቹ ጤንነት ላይ ያርፋል። በእንግሊዝ የመርከብ ሥራ ለዚህ የታወቀው ቅይጥ 88 በመቶ መዳብ፣ 10 በመቶ ቆርቆሮና 2 በመቶ ዚንክ ያለው ነሐስ ነው። ዛሬ ለከባዱ ሥራ ኒኬልና ብረት የተጨመረበት የአሉሚኒየም ነሐስ ይመረጣል።

እንዲህ ያለ ነሐስ ድንገተኛ ምት መቻሉ የሚለካበት የምት ፍተሻ ፈረንሳዊው ጆርጅ ሻርፒ በ1901 ካቀረበው ዘዴ የመጣ ነው። ጎንና ጎኑ 10፣ ርዝመቱ 55 ሚሊ ሜትር የሆነ ናሙና መሐሉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይቆረጥና ተወዛዋዥ መዶሻ ከጀርባው ይመታዋል። መዶሻው ከሰበረው በኋላ በወዲያኛው በኩል ዝቅ ብሎ ከቀረ ናሙናው ብዙ ጉልበት ውጦበታል ማለት ነው፤ መጠኑ በጁል ይነበባል።

ብረት በብርድ በድንገት ተሰባሪ ይሆናል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብየዳ የተሠሩ የአሜሪካ መርከቦች የተሰነጠቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። መዳብ ግን እንዲህ ያለ ባሕርይ የለውም። በጋምቤላ ሙቀትማ የብርድ ነገር አይነሣም። ታዲያ ነሐስን በምት መፈተን ለምን? እንደ እኔ እምነት ዋናው ጥቅሙ የማቅለጥ ሥራውን ጥራት ማጋለጡ ነው። ቆርቆሮ ሲበዛ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ክፍል ይፈጠራል፤ ጋዝ ቀዳዳ ይተዋል፤ የአሉሚኒየም ነሐስ በጣም ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ሊሰባበር ይችላል።

እርሳስ ለብቻው ሊታይ ይገባል። በመዳብ ውስጥ ስለማይሟሟ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይደፍናል፤ ቫልቩም ውሃ አያስተላልፍም። ነገር ግን ያው እርሳስ ምት የመቻል አቅምን ይቀንሳል። ስለዚህ ከሥራ ግፊቱ በአንድ ተኩል እጥፍ በውሃ ተሞክሮ ያላፈሰሰ ቫልቭ ሁሉ ምት ይችላል ማለት አይደለም፤ የውሃው ግፊት ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው። ወንዝ ላይ የሚመጣው ግን ድንገተኛ ነው፦ የአሸዋ ደለል፣ ተንሳፋፊ ግንድ፣ ወይም ቫልቭ በፍጥነት ሲዘጋ በቧንቧው ውስጥ የሚወለደው የውሃ ምት።

የጀልባ ፓምፕ ወይም ቫልቭ ለመጠገን ምንጩ ያልታወቀ ውራጅ ነሐስ ማቅለጥ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ነው። ውስጡ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ ዓይን አይለይም። ከዚያው ቅላጭ ናሙና አፍስሶ ማስቀመጥና ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይሻላል። መዶሻው ካልተገኘ ናሙናውን በመጋዝ ጫር አድርጎ መስበርና ስብራቱን ማየት ይቻላል፦ በቆርቆሮ ነሐስ ላይ ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል፣ ያ ቅላጭ ለግፊት ዕቃ መዋል የለበትም።